ቀዩ ሲበራ ማንም አይነቃነቅም

ድምፅ ቀጂው በሩን ከፍቶ ሲገባ ጋሼ ፒያኖው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኛቸው። አንድ እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ሌላው የሸሚዛቸውን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል። ከራሳቸው በላይ ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

«ጋሼ… ጋሼ…» ሲል ኮሪደሩ ላይ የቆመችው እናት ሰማች። ባልዲው ከእጇ ወደቀና ውሃው ወለሉ ላይ ተንጣለለ። ያንን ነገር በኋላ ስታስታውሰው ሁልጊዜ ያሳፍራት ነበር፤ ሰው ሞቶ፣ እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ጎንበስ ብላ ውሃውን መጥረግ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ስቱዲዮ ያጸዳ እጅ ሌላ ነገር አላወቀም።

ከኋላዋ አግዳሚው ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ዘፋኙ ነው። ሁለተኛዋ የራሷ ልጅ ናት፤ አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በዚህ ቤት ግን ዛሬም «ሚጢጢ» ነው የምትባለው።

«መብራቱን አታጥፉ» የሚለውን የገና ዘፈን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የተሠራው እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ በዓመቱ ሞቃት ወር ነው። ግጥሙ ስለ ብርድና ስለ ደወል ያወራል፤ የቀዱት ሰዎች ግን በላብ ተነክረው ነበር፤ የማራገቢያው ድምፅ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ጠፍቶ ነበርና። ግጥሙንም ዜማውንም የሠሩት ጋሼ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር እንድትል የተመረጠችው ሕፃን በዚያ ቀን ትኩሳት ይዟት ቀረች። እናት የሚጠብቅላት አጥታ ይዛት የመጣችው የሰባት ዓመት ልጇ ኮሪደሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣ ነበር። ጋሼ አዩዋትና «ነይ እስቲ ሚጢጢ፣ ይህቺን በይልኝ» አሏት። አለች። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ያ ድምፅ ከሱቁም፣ ከአውቶቡሱም፣ ከፀጉር ቤቱም ይወጣል። መሥሪያ ቤት ደውለው «መስመሩ ላይ ይጠብቁ» ሲባሉ እንኳ የሚጠብቁት እሱን እየሰሙ ነው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ፒያኖው ድንገት ይቆማል። ረጅም ዝምታ ይሆናል። ከዚያ የሕፃኗ ድምፅ ብቻውን «መብራቱን አታጥፉ፣ እኔ ነኝ የምመጣው» ይላል። ሰው ሁሉ ሆዱ የሚባባው እዚያ ዝምታ ላይ ነው።

አሁን አዲስ ቅጂ ሊሠሩለት ነበር የተሰባሰቡት።

መርማሪዋ የመጣችው አራት ሰዓት ላይ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ሴት ናት። ማስታወሻ ደብተር አልያዘችም። ሰው ሊነግራት ሲጀምር እጇን ከፍ ታደርግና «አይንገሩኝ፤ ያሳዩኝ» ትላለች።

ዘፋኙና ሚጢጢ አግዳሚው ላይ እንደገና እንዲቀመጡ አደረገች፤ እናትንም በቆመችበት እንድትቆም። ራሷ በሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«አልተቆለፈም» አለች።

«አይቆለፍም» አለ ዘፋኙ።

«ታዲያ ለምን አልገባችሁም?»

ሦስቱም ቀና ብለው ከበሩ በላይ ያለውን መብራት አዩ። አሁንም እንደ ፍም ይበራል፤ ፖሊሶቹ ምንም እንዳይነካ ብለዋል።

«ቀይ በርቶ ነበር» አለች እናት። «ቀይ ሲበራ እየተቀዳ ነው ማለት ነው። በር አይከፈትም፣ አይንኳኳም። የጋሼ ሕግ ነው። ቀዩ ሲበራ ማንም አይነቃነቅም።»

«እርስዎ ስንት ሰዓት መጡና አዩት?»

«እኔማ ከማለዳው ጀምሮ አለሁ። ቆሻሻ ደፍቼ፣ ባልዲ ሞልቼ ስመለስ በርቶ አገኘሁት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ቢሆን ነው።»

«እኔ ሁለት ተኩል» አለ ዘፋኙ።

«ሦስት ሰዓት» አለች ሚጢጢ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

«እኔ ሦስት ከአሥር» አለ ድምፅ ቀጂው። «ገና ሳየው ገረመኝ። እኔ ሳልኖር ማን ሊቀዳ ነው? ለዚህ ነው የከፈትኩት።»

«ሐኪሙ እንደሚለው አስም ነው የገደላቸው። ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር።» መርማሪዋ ከአግዳሚው እስከ ፒያኖው ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካችው። «አሥር እርምጃ ነው።»

እናት አፏን በመሐረቧ ያዘች።

ከኮሪደሩ በሩን አልፎ መጀመሪያ የሚገኘው የመቅጃ መሣሪያው ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ከእሱ በስተጀርባ በወፍራም መስታወት ተለይቶ የፒያኖው ክፍል አለ። መርማሪዋ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠባቡ ክፍል ውስጥ አነጋገረቻቸው። እናትን ግን «እርስዎ እዚሁ በሩ ላይ ይቁሙልኝ፣ ዕቃው የት እንደነበር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ስላለቻት ሁሉንም ሰማች።

ዘፋኙ መጀመሪያ ገባ።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ተጣላን። አዲሱን ቅጂ ለአንድ ጎረምሳ ሊሰጡት ነበር። እኔ በዓመት አንድ ወር ብቻ ነው ዘፋኝ የምሆነው፤ አሥራ አንዱን ወር ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ያችን አንድ ወር ሊወስዱብኝ ሲሉ ዝም ልበል?»

«ዛሬስ ለምን መጡ?»

«ልለምናቸው። ቀዩን ሳይ ከጎረምሳው ጋር ጀመሩ ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ይህ በር ግን የመርፌ ታህል ድምፅ አያሳልፍም። ኩራት ያዘኝና ቁጭ አልኩ።» ባርኔጣውን አሽከረከረው። «አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰው የሚያለቅስበት ያ ዝምታ ጥበብ አይደለም። ያን ቀን እየተቀዳ እያለ አስማቸው ተነሣ። ፒያኖውን አቆሙ። ልንረዳቸው ብድግ ስንል በእጃቸው እንዳትነቃነቁ አሉን፤ ቀዩ በርቶ ነበራ። ሚጢጢ ደነገጠችና ያለ ፒያኖ ብቻዋን አለችው። ቀረጻው ሲቆም መድኃኒታቸውን ነፍተው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ዘፈኑ እንደዚያ ሲወደድ ጊዜ ሕግ አደረጉት።»

መርማሪዋ በመስታወቱ በኩል ፒያኖውን አየች። የመጨረሻው የዜማ ገጽ ተገልጦ ነበር።

ቀጥሎ ድምፅ ቀጂው ገባ።

«መብራቱ ከየት ነው የሚበራው?»

«ከዚህ ከድምፅ ማደባለቂያው፣ ከሚክሰሩ ነው» አለና ጥቁር የመስታወት ጠረጴዛ የሚመስለውን መሣሪያ አሳያት። «በኮሪደሩም በውስጥም ያሉት አብረው ነው የሚበሩት። ይህ ሚክሰር ለአዲሱ ቅጂ ተብሎ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። የአሮጌው ማብሪያ ወፍራም ነበር፣ የዚህ ግን እንደሚያዩት ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። ቦታውን ያላወቀ ሰው አያገኘውም።»

«የሚያውቀው ማን ነው?»

«እኔና ጋሼ።» ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚጢጢንም የገባ ቀን አሳይቻታለሁ።»

እናት ልጇ ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ዞራ አየች።

«ጠዋት የሚያስነሣው ማን ነው?»

«ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ ስገባ። ዛሬ ግን ተነሥቶ ነው ያገኘሁት። እኔ ምንም ሳልነካ ወደ ጋሼ ነው የሮጥኩት።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን መስታወት በብርሃን አንጻር ከጎን አየችው። ጥግ ላይ በእጅ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። አነበበችውና ቀና አለች።

«ይህን መስታወት እንዲህ ያሳመረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ትንሽ ደስ አላት።

ሚጢጢ ስትገባ ፖሊሱ ቦርሳዋን ይዞ ተከተላት። ከውስጡ አንድ ትንሽ ካርቶን አውጥቶ አስቀመጠ፤ አስም ሲነሣ በአፍ የሚነፋው የጋሼ መድኃኒት ነው።

«የጋሼ ጃኬት ኪስ ባዶ ነው» አለ ፖሊሱ። «መንፊያቸው ከእሷ ቦርሳ ተገኘ። ትናንት ደግሞ በሰው ፊት ምን እንዳለቻቸው ሰምተናል።»

«ምን አልሻቸው?» አለች መርማሪዋ።

«ወይ ዘፈኑ ይቆማል፣ ወይ እርስዎን አስቆማለሁ አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ሥራ ልቀጠር ስሄድ 'እስቲ በይልን' ይሉኛል። ላገባ ስል የሰውየው እናት 'እስቲ በይልን' አለችኝ። ታምሜ ሆስፒታል ብገባ ነርሷ እንደዚሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባት ዓመቴ ነው። አዲሱ ቅጂ ላይም ድገሚው አሉኝ።»

«መንፊያውስ?»

«ማታ ደወሉልኝ። አሮጌው አለቀ፣ ጠዋት ስትመጪ ግዢልኝ አሉኝ።»

«አስቆምዎታለሁ ባልሻቸው ማታ?»

«እኔና እሳቸው እንደዚያ ነን። እንጣላለን፣ ከዚያ መድኃኒት ግዢልኝ ይሉኛል።»

«ስንት ሰዓት ገዛሽው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«መድኃኒት ቤቱ ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንቺ የደረስሽው ሦስት ሰዓት ነው።»

«ካፌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያ ዘፈን ተከፈተ። መነሣት አቃተኝ። እዚህ ስደርስም ቀዩ በርቶ ነበር፤ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱ ጭኔ ላይ ነበር።»

ፖሊሱ እጁን ወደ ወገቡ፣ ወደ ካቴናው ሰደደ። እናት መወልወያዋን ጥላ ገባች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «ልጄን ተዋት። እኔን ውሰደኝ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ።»

«አንቺ ዝም በይ። እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ረጋ ብላ አየቻት። «እንዴት ገደሏቸው?»

እናት ጠዋት «እትዬ፣ ደህና አደርሽ?» ብለዋት የገቡትን ሰው እንዴት አድርጋ እንደምትገድል ልታስበው እንኳ አልቻለችም።

«እንዲያው… ገደልኳቸው» አለች።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ከሰዓት በኋላ ሁላችሁንም እዚሁ እፈልጋችኋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠባቡ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ዘፋኙ በሩ አጠገብ፣ ድምፅ ቀጂው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሚጢጢ ከፖሊሱ ጎን። ቀዩን መብራት መርማሪዋ ራሷ በድምፅ ቀጂው አመልካችነት አጥፍታዋለች። እናት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ቦርሳው ውስጥ ለማንም ያላሳየችው ደብተር አለ። ሦስት ወር ሆናት፣ ከሥራ ስትወጣ ፊደል ትማራለች። በዚህ ቤት ውስጥ ማንበብ እንደማትችል ከልጇ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሸሽጋዋለች።

«ከመንፊያው እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ካርቶኑ አልተከፈተም፤ የመድኃኒት ቤቱ ማኅተም እንዳለ ነው፣ የተሸጠበት ሰዓትም ተጽፎበታል። ስለዚህ ከኪሳቸው የተወሰደ አይደለም። የኪሳቸውን ደግሞ ግቢው ውስጥ ካለው ገንዳ አስፈልጌ አገኘሁት። ባዶ ነው። እናቴ፣ ጠዋት ጋሼ ሲገቡ ቅርጫቱ ውስጥ ምን ጣሉ?»

«አንድ ነገር ጣሉ። አላየሁትም።»

«እሱ ነው። ራሳቸው ጥለውት አዲሱን ይጠብቁ ነበር።»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «መብራቱን ግን ሰው አብርቶታል። ቦታውን የምታውቀው ደግሞ…»

«እሱ ላይ ልደርስ ነው። ይህ ጥቁር መስታወት የጣት አሻራ ይወዳል። አሁን ብነካው ይታያል።» ነካችው። የጣቷ ምልክት ቁልጭ ብሎ ቀረ። «ጠዋት ስመጣ ግን አንድም የጣት ምልክት አልነበረበትም። ድምፅ ቀጂው አልነካውም። ዘፋኙ አልነካውም። ሚጢጢም አልነካችውም። አሻራውን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ደግሞ የነካውን ቦታ ነው የሚጠርገው። ይህ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቅጣጫ፣ በጥንቃቄ ተጠርጓል።»

ድምፅ ቀጂው ከግድግዳው ላይ ተላቀቀ። «አይ» አለ በሹክሹክታ። «አይ፣ እባክዎ።»

መርማሪዋ ወደ እናት ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ሸሸ። «እናቴ፣ አይንገሩኝ፤ ያሳዩኝ። ጠዋት ጋሼ ከገቡ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ።»

እናት ግራ ተጋባች። ልጇን የሚያስፈታ ነገር ከሆነ ብላ ግን በደንብ ልታሳይ ቆረጠች። ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ ገቡ። ደህና አደርሽ አሉኝ። ያችን ማብሪያ ግድግዳው ላይ ተጫኑ፣ ዕቃው ሁሉ ተነሣ። ጃኬታቸውን አውልቀው እዚህ ወንበር ላይ ሰቀሉ፤ አዝራሩ ማይኩ ላይ ቋ ቋ ይላል ብለው ሁልጊዜ ያወልቃሉ። ገቡና በሩን ዘጉ። ከዚያ እኔ ጨርቄን አርሼ፣ ጨምቄ…»

ጨርቁን አጣጠፈችና መስታወቱን ከግራ ወደ ቀኝ መጥረግ ጀመረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንደምታደርገው፣ ረጅም አድርጋ፣ እያሻሸች።

ከግድግዳው መስታወት ወዲያ ያለው የፒያኖ ክፍል በቀይ ተሞላ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ጠዋት አጎንብሳ ስትጠርግ ቀና ብላ አላየችውም ነበር።

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

«ከዚያ…» አለች እናት፣ ዓይኗን ከቀዩ ሳትነቅል። «የዚህን ክፍል መብራት አጠፋሁ። ቅርጫቱንና ባልዲውን ይዤ ወጣሁ።»

«አሮጌው ማብሪያ ካልተጫኑት አይበራም ነበር። ይህ ግን ሲነካ ይበራል፣ በጨርቅም ቢሆን። ሌላ ቀን እርስዎ ሲያጸዱ ዕቃው ጠፍቶ ስለሚቆይ ምንም አይሆንም። ዛሬ ጋሼ ቀድመው አስነሡት። ይህ ክፍል ሲጨልም ከወዲያ በኩል የግድግዳው መስታወት ራስን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጋሼ ቀዩን ሲያዩ ድምፅ ቀጂው ደርሶ መቅዳት ጀመረ ብለው አሰቡ፤ ፒያኖውን ጀመሩ። አስሙ ሲነሣባቸው አልወጡም፤ ሕጉን አክብረው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ተጫወቱ። ከበሩ ውጭ ያላችሁትም አከበራችሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ገዳይ የለም። የማስረው ሰው የለኝም። ለማንም የምሰጠው ማጽናኛም የለኝም።»

ፖሊሱ ከሚጢጢ አጠገብ ራቅ አለ። ሚጢጢ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ጽፌ ነበር እኮ» አለ ድምፅ ቀጂው። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። «እትዬ፣ ጽፌ ለጥፌልዎ ነበር። ያነቡታል ብዬ ነው። እንደማያነቡ ማን ነገረኝ?»

ማንም አልነገረውም። ሚጢጢ ታውቅ ነበር። ሚክሰሩ የገባ ቀን ወረቀቱ ሲለጠፍም እዚህ ቆማ አይታለች፤ ለእናቷ ማንበብ ግን በዚያ ቀን ትዝ አላላትም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እናት ወረቀቱን አየችው። አምስት ቀን ሙሉ ግጥም መስሏት ነበር። በዚህ ቤት ወረቀት ሁሉ ግጥም ነው፤ እንዳይረጥብባቸው ብላ ዙሪያውን እየዞረች ነበር የምታጸዳው። ጎንበስ አለች። ጣቷን መጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች፤ አስተማሪዋ እንዳሳየቻት።

«እ… ባ… ክ… ዎ» አለች።

«ይተዉት፣ እናቴ» አለች መርማሪዋ።

አልተወችውም። «ይ… ህ… ን። ይህን። መ… ስ… ታ… ወት። መስታወት።» ጣቷ መስመሩን አልሳተም። «በጨ… ር… ቅ። በጨርቅ።» አንድ ቃል ቀረ። ረጅም ጊዜ ቆመችበት። «አ… ይ… ን… ኩ።»

በሕይወቷ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን መስኮት አንዱ ፖሊስ ከፍቶት ኖሯል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ዘፈኑ ተሰማ፤ ወደ ማለቂያው ደርሷል። ዘፋኙ የወጣትነት ድምፁን እየሰማ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። ከዚያ ፒያኖው ቆመ።

ያንን ዝምታ እናት ስንት ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ዛሬ ግን ውስጡ ሰው እንዳለ ሰማች፤ አየር የሚፈልግ፣ በእጁ «አትነቃነቁ» የሚል ሰው። እሷም አየር አጠራት። ቀዩን ለማጥፋት እጇን ወደ መስታወቱ ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«መብራቱን አታጥፉ፣ እኔ ነኝ የምመጣው» አለች ከመንገድ ማዶ የሰባት ዓመት ልጇ።

ቀዩ እንደበራ ነበር። ማንም አልተነቃነቀም።